የብርሃን ጽሕፈት፤ ስለ ፊልምና ስለ ዲጂታል ፎቶግራፍ

ሰው ዕድሜው አጭር፣ ትዝታውም ደካማ ስለ ሆነ፣ ያየውንና የሰማውን ከመረሳት የሚያድንለት መሣሪያ ሲፈልግ ኖሯል። በመጀመሪያ በድንጋይ ላይ ቀረጸ፤ ቀጥሎ በግድግዳ ላይ ሣለ፤ ከዚያም በብራና ላይ ጻፈ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ይህንኑ ምኞት ያስረዳል። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወዲህ ደግሞ ሰው ብርሃንን ራሱን ጸሐፊ አድርጎ ማሠራት ጀመረ። ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው።

ይህ የብርሃን ጽሕፈት ዛሬ በሁለት ዐይነት ይገኛል። አንደኛው በፊልም ላይ የሚጻፈው ነው። ሁለተኛው ዲጂታል የሚባለው፣ በየኪሳችሁ ባለው ስልክ የምትጽፉት ነው። የትኛው ይበልጣል ተብሎ ሲከራከሩ፣ የዕድሜ እኩዮቼ አሮጌውን ያመሰግናሉ፤ ልጆቻቸው አዲሱን ያወድሳሉ። ነገር ግን አንድን መሣሪያ ለመመዘን አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ይገባል። የፎቶግራፍ ሥራ ሦስት ነው፤ ያለፈውን ማቆየት፣ የተቆየውን ለሰው ማዳረስና ስለ እውነት መመስከር። እኔም ፊልምንና ዲጂታልን በነዚህ በሦስቱ ሚዛን ለመመዘን፣ ከምኖርበት ከደሴና ከጎረቤቷ ከኮምቦልቻ፣ ከዙሪያቸውም ካለው አገር ታሪክ ምሳሌ እያመጣሁ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ፊልም ልናገር። ፊልም ማለት ስስ ላስቲክ መሰል ነገር ሆኖ፣ በላዩ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በተሠራ ሙጫ ውስጥ የብር ጨው የተቀባበት ነው። የብር ጨው ብርሃን ሲነካው ይለወጣል። በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪያችን አንዲት ጠባብ ዕቃ ቤት በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው ጨለማ ክፍል አድርገዋት ነበር፤ እኛንም ሦስት ሦስት እያደረጉ ያስገቡን ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እርሱም ነጋቲቭ ይባላል። በነጋቲቩ ውስጥ ያለፈው ብርሃን ወረቀት ላይ ካረፈ በኋላ፣ ወረቀቱ በቀይ መብራት ሥር በመድኃኒት ሲነከር፣ መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ዐይን፣ በመጨረሻም ሙሉ ፊት ይወጣል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ምሳሌ አስተማሪው የነገሩን እዚያ ውስጥ ነው፤ ምሳሌው ለዚያ ክፍል የተነገረ እስኪመስለኝ ድረስ አልረሳሁትም።

በማቆየት ሥራ የብር ፎቶግራፍ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ መቅደላ እንሂድ። መቅደላ ዛሬ በደቡብ ወሎ ውስጥ ናት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ ከመሐንዲሶቹ ጋራ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ገድለው አምባይቱ ተያዘች፤ በኋላም ተቃጠለች። ሰዎቹ ያነሡት የአምባይቱና የበሮቿ ሥዕል ግን አልጠፋም። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በዚያን ጊዜ የ7 ዓመት ሕፃን ነበረ። ወደ እንግሊዝ አገር ከተወሰደ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አነሣችው። ልዑሉ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ድምፁን ሰምቶ ሊነግረን የሚችል ሰው ዛሬ በምድር ላይ የለም፤ ፊቱን ግን እናውቀዋለን። አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሥዕል ያንን የተከዘ ሕፃን ዛሬም ያሳየናል።

ነገር ግን ልብ በሉ። የመቅደላ ፎቶግራፎች የሚገኙት በደሴ ሳይሆን በእንግሊዝ አገር ቤተ መዘክሮች ነው። ሥዕሉ የቆየው የብር ጨው ብርቱ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ቁጥር ሰጥቶ፣ ቀን ጽፎ፣ በደረቅና በቀዝቃዛ ቤት ያስቀመጠው ሰው ስለ ነበረ ነው። ፊልም ሙቀትንና እርጥበትን አይወድም። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስለ ሆነች፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር በሣጥን የተወ ነጋቲቭ እዚያ ቶሎ ይበላሻል፤ በደሴ ብርድ ውስጥ ደግሞ እርጥበቱ ሻጋታ ያበቅልበታል። ስለዚህ ፊልም ራሱን አይጠብቅም፤ ጠባቂ ይፈልጋል።

በእኔ ልጅነት ወደ ፎቶ ቤት መሄድ እንደ ዓመት በዓል ያለ ነገር ነበር። በአንድ ጥቅል ፊልም እንደ ካሜራው ዐይነት 12 ወይም 36 ሥዕል ብቻ ስለሚነሣ፣ ፎቶ አንሺው አንዲቱንም በከንቱ አያጠፋም። ከገጠር ለገበያ የመጣ ገበሬ ነጭ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ቀለም በተቀባ መጋረጃ ፊት ቆሞ፣ ትንፋሹን ይዞ ይነሣል። ሥዕሉን ለማየት እስከሚቀጥለው ገበያ ይጠብቃል። ባለ ፎቶ ቤቱም ነጋቲቩን በወረቀት ከረጢት አድርጎ ስሙን ይጽፍበታል፤ ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ «አንድ ጨምርልኝ» ቢለው ፈልጎ ያገኝለታል። ፊልም ትዕግሥትን፣ ምርጫንና አደራን በግድ ያስተምር ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ገንዘብ የሌለው ሰው ዕድሜውን በሙሉ አንድም ፎቶግራፍ ሳይነሣ ይሞት እንደ ነበር መካድ አይገባም። የብዙ እናቶቻችን መልክ ከነርሱ ጋራ ተቀብሯል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ፣ ወደ ማዳረስ እንለፍ። ለዚህ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያህል ምሳሌ አላገኘሁም። ገዳሙ ከደሴ በስተ ሰሜን፣ የግማሽ ቀን እንኳ በማይሞላ መንገድ ላይ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለዚህ ገዳም ያበረከቱት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ከአገራችን ጥንታውያን ሥዕላውያን መጻሕፍት አንዱ ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ለማንሣት ታላቅ ሥራ ተጀመረ። ሠራተኞቹ በየገዳሙና በየደብሩ እየዞሩ፣ ቅጠል በቅጠል እየገለጡ፣ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን በፊልም አነሡ። የሐይቅ መጻሕፍትም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። የፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ በአንድ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በዚያም ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዘመን ተቀምጠው የመጻሕፍቱን ዝርዝርና ይዘት ጻፉ።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ለብዙ ዓመት የጠቀመው ጥቂት ሊቃውንትን ብቻ ነበር። ፊልሙን ለማንበብ ልዩ መሣሪያ ካለበት ቦታ መድረስ ያስፈልጋልና። በኋላ ግን ፊልሞቹ ወደ ዲጂታል እየተለወጡ በኢንተርኔት ላይ መውጣት ጀመሩ። እንግዲህ በኮምቦልቻ የምትኖር አንዲት ተማሪ፣ አባቶቿ ቀርበው ሊነኩት ያልቻሉትን መጽሐፍ ገጽ በእጇ ባለው ስልክ ማየት ቻለች። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ፊልሙ ባይኖር ዲጂታሉ የሚገለብጠው ነገር ባላገኘ ነበር፤ ዲጂታሉ ባይመጣ ደግሞ ፊልሙ በሩቅ አገር በመደርደሪያ ላይ እንደ ተዘጋ በቀረ ነበር። ሁለቱን እንደ ጠላት ለሚያዩ ሰዎች ይህ ምሳሌ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

ዲጂታል ምንድን ነው? በፊልሙ ፈንታ ከሲሊኮን የተሠራ ገበታ ይቀመጣል። ገበታው እጅግ በብዙ ጥቃቅን ነጥቦች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ያረፈበትን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ኤሌክትሪኩም ተለክቶ ቁጥር ይሆናል። ሥዕሉ እንግዲህ የቁጥር መዝገብ ነው። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው ስቲቭ ሳሰን የተባለ የኮዳክ ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ ነው። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ነበር፤ አንዲት ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰኮንድ ይፈጅ ነበር፤ ሥዕሉም የ10,000 ነጥብ ብቻ ነበረ። የዛሬ ስልክ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ነጥብ ያነሣል። ኮዳክ ከፊልም ሽያጭ ያገኘው የነበረው ትርፍ እጅግ ብዙ ስለ ነበረ፣ በራሱ ቤት የተወለደውን ልጅ ለማሳደግ ዘገየ፤ በመጨረሻም በ2012 እ.ኤ.አ. ዕዳዬን መክፈል አልቻልሁም ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ዛሬ ያለንን ትርፍ ስንጠብቅ ነገ የሚመጣውን አናይምና፣ ይህ ለነጋዴም ለተማሪም ትምህርት ነው።

የቁጥር መዝገብ አንድ ድንቅ ጠባይ አለው። ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ሺሁም ቅጂ እንደ መጀመሪያው ነው። አንድ ክፉ ጠባይም አለው። ነጋቲቭን በመስኮት ፊት ከፍ አድርጎ በዐይን ማየት ይቻላል፤ የቁጥር መዝገብ ግን ያለ መሣሪያና ያለ ኤሌክትሪክ አይታይም፤ ሲጠፋም ስባሪ እንኳ አይተርፍም።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት በተያዙ ጊዜ ይህን በዐይናችን አየን። የደሴ ሙዚየም ቅርሶች ተዘረፉ፤ የብዙ ሰዎችም ቤት እንዲሁ። ቀድሞ ያስተማርኋት አንዲት የኮምቦልቻ ሴት ስልኳን ተነጠቀች። በስልኩ ውስጥ የሞተች እናቷ ሥዕሎች ሁሉ ነበሩ፤ አንዱንም በወረቀት አላሳተመችም፤ ወደ ሌላ ቦታም አልገለበጠችም። «ሁለተኛ የሞተችብኝ ያህል ነው» አለችኝ። የጎረቤቷ ነገር ደግሞ ተቃራኒ ሆነ። የቤተሰቡ የሠርግና የልጆች አልበም ከቤቱ ጋራ ተቃጠለ፤ ሁሉም ቀረ ሲሉ፣ በዓረብ አገር የምትሠራ ልጃቸው ከመሄዷ በፊት አልበሙን ገጽ በገጽ በስልኳ አንሥታ ይዛ ሄዳ ኖሮ፣ ሥዕሉን ሁሉ መልሳ ላከችላቸው። ከሁለቱ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው፤ የጠፋው ዲጂታል ስለ ሆነ አልጠፋም፤ የዳነውም ዲጂታል ስለ ሆነ ብቻ አልዳነም። የጠፋው በአንድ ቦታ ብቻ ስለ ነበረ ነው፤ የዳነውም ሁለት ቦታ ስለ ነበረ ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ምስክርነት ነው። አንዳንድ ሰዎች «ፊልም አይዋሽም፣ ዲጂታል ግን ሐሰተኛ ነው» ይላሉ። ይህ አባባል በወሎ ታሪክ ፊት አይቆምም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ዘመን፣ የሙስሊም ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በሕዝብ መካከል እንዲዞር ተደርጎ ነበር። ይህ ሥዕል ተቀጣጥሎ የተሠራ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የሙስሊም ልብስ በራሱ ነውር አይደለም፤ ወሎ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ የሚገናኙበት አገር ነው። ነውሩ ሐሰቱ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ጦርነት ሆነ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ጦርነቱን ያመጣው ሥዕሉ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ በጥላቻ እሳት ላይ የሚጨመር እንጨት እንደ ነበረ ግን አይካድም።

እውነተኛ ሥዕል ደግሞ ምን ኃይል እንዳለው በራሴ ዘመን አይቻለሁ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተርቦ ሳለ እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ከአውራ ጎዳናው ዳር የተቀመጡትን ሰዎች ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አያቸው ነበር። ባለ ሥልጣኖች ግን ረኀብ የለም ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የመጡ መምህራን ያነሡት ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለሰው ታየ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ ዓለምም ደነገጠ፤ እርዳታም መጣ። ክዳትን የሰበረው ንግግር ሳይሆን ሥዕል ነበር።

ነገር ግን የዚሁ ፊልም ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋራ እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን አጎራብቶ ያስቀመጠው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው፤ ያ እጅ በኋላ በሌላው ሰው ልጅ ላይ ያደረገውንም ታሪክ መዝግቦታል። ስለዚህ እውነተኛ ሥዕል እንኳ በጎረቤቱ ምክንያት ሌላ ቃል ሊናገር ይችላል። ይህ ሁሉ የሆነው በፊልም ዘመን እንደ ነበረ አትርሱ።

ታዲያ ዲጂታል የለወጠው ምንድን ነው? ፍጥነቱንና ብዛቱን ነው። ቀድሞ ሥዕል ለመቀጣጠል ጨለማ ክፍል፣ መቀስ፣ ብሩሽና ብልኅ እጅ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንድ ልጅ ከምሳ በፊት ይሠራዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውም በዓለም ያልነበረ ሰው ፊት፣ ያልተደረገ ነገር ሥዕል ይፈጥራል። ቀድሞ የተጠረጠረ ሥዕል ሲመጣ «ነጋቲቩን አምጣ» ማለት ይቻል ነበር፤ ዛሬ ግን የመጀመሪያውን ከቅጂው ለመለየት አዋቂም ይቸገራል። በሌላ አገር የተነሣ የሬሳ ሥዕል «የእኛ ሰው ነው» ተብሎ ሲዞር፣ ቁጣው ከመንደር መንደር የሚደርሰው እውነቱ ጫማውን ሳያስር ነው። በሌላ በኩል፣ ቀድሞ ካሜራ የነበረው ባለ ሥልጣንና ባለ ገንዘብ ብቻ ነበር፤ ዛሬ እረኛውም የራሱን አገር መከራ ራሱ ያሳያል። ያ ረኀብ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ተሰውሮ ሊቆይ ባልቻለ ነበር። ምስክሩ በዝቷል፤ ሐሰተኛ ምስክርም አብሮ በዝቷል። ዳኛው እንግዲህ ማነው? እናንተ ናችሁ።

ወጣቶች ሆይ፤ ምክሬን በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ። ፊልም ማቆየትን ይችላል፤ ዲጂታል ማዳረስን ይችላል፤ ምስክርነትን ግን ከሁለቱ አንዱም ያለ ሰው አይችለውም። ስለዚህ ከማንሣታችሁ በፊት እንደ ጥንቱ ፎቶ አንሺ ጥቂት አስቡ፤ በተቸገረና በተዋረደ ሰው ላይ ካሜራ ስትዘረጉም ፈቃዱን ጠይቁ። ዓመቱ ሲያልቅ ካነሣችኋቸው ሺህ ሥዕሎች 12ቱን ምረጡና በወረቀት አሳትሙ፤ በጀርባቸው የሰውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፤ ስም የሌለው ሥዕል ከሁለት ትውልድ በኋላ የእንግዳ ሥዕል ነውና። የቀረውንም በሁለት፣ ቢቻል በሦስት ልዩ ልዩ ቦታ አኑሩ። ሥዕል ሲላክላችሁ ማን፣ የት፣ መቼ እንዳነሣው ሳታውቁ ለሌላ አታስተላልፉ፤ መልስ ካላገኛችሁ በእናንተ ዘንድ ይቁም።

አንድ ሥራ ደግሞ ለነገ የማይባል አለ። በየቤታችሁ፣ በአያቶቻችሁ ሣጥን ሥር፣ በደሴና በኮምቦልቻ አሮጌ ፎቶ ቤቶችም የሚበላሹ ነጋቲቮችና ጠርዛቸው የተበላ ሥዕሎች አሉ። ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድ አንሡአቸው፤ ከአያታችሁም አጠገብ ተቀምጣችሁ «ይህ ማነው? ይህችስ ማናት?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉ። ሥዕሉ ምናልባት ሌላ ሃምሳ ዓመት ይቆይ ይሆናል፤ ስሞቹን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን ያን ያህል አንቆይም።